ከገባ በኋላ በሩን የዘጋው ስደተኛ

ዲቪ መሙያ በደረሰ ቁጥር የሚነሳ ክርክር አለ፦ ስደተኛ ሲበዛ የአገሬው ሰው ደሞዝ ይወርዳል ወይስ አይወርድም? ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት ሰው ሳሙኤል ጎምፐርስ ነው። የሚገርመው እሱ ራሱ ስደተኛ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ጎምፐርስ በ1850 ለንደን ውስጥ ከድሃ የአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ10 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ ሥራ ገባ። አባቱ ሲጋር ማለትም ያንን ወፍራም የትምባሆ ጥቅልል የሚሠራ ባለሙያ ነበር። የለንደን ሲጋር ሠራተኞች ማኅበር ደግሞ ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ አባላቱ የጉዞ ገንዘብ ይረዳ ነበር። ቤተሰቡ በዚሁ ገንዘብ ታግዞ በ1863 ኒውዮርክ ገባ። ሳሙኤል በ14 ዓመቱ እዚያ የሠራተኛ ማኅበር አባል ሆነ።

ያኔ አሠሪዎች ከቦሄሚያ (ከዛሬዋ ቼክ) የመጡ ቤተሰቦችን በጠባብ ኪራይ ቤት እያስገቡ፣ እዛው እየኖሩ እዛው ሲጋር እንዲጠቀልሉ ያደርጉ ነበር። ባልም ሚስትም ልጅም ይሠራል፤ ክፍያው ግን ትንሽ ነው። በዚህ የተነሳ የነባሩ ሠራተኛ ደሞዝ ተሰበረ። ስለዚህ የጎምፐርስ ፍርሃት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ በገዛ ኪሱ አይቶታል።

ግን በ1877 ምን ሆነ? እነዚያው ደሞዝ ሰበሩ የተባሉ ስደተኞች ከነባሮቹ ጋር አብረው አድማ መቱ! አድማው ከ3 ወር በላይ ቆይቶ ከሸፈ። ጎምፐርስም ሥራ አጥቶ ቤተሰቡ ተራበ። ከዚህ በኋላ መዋጮው ጠንከር ያለ፣ አባሉ ሲታመም የሚደርስለት ማኅበር ገነባ። በ1886 የአሜሪካ የሠራተኞች ፌዴሬሽን ሲመሠረት መሪው ሆነ፤ ከአንድ ዓመት በቀር እስኪሞት ድረስ መራው።

ይሄው ሰው ግን ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞች አሜሪካ እንዳይገቡ የከለከለውን የ1882 ሕግ ደገፈ። በ1902 ሕጉ ቋሚ እንዲሆንም ተሟገተ። ሙግቱ የደሞዝ ብቻ አልነበረም፤ ቻይናውያንን በዘራቸው ዝቅ አድርጎ ይናገር ነበር። ቀጥሎ ማንበብ የማይችል እንዳይገባ የሚከለክለውን የ1917 ሕግ ደገፈ። በ1924 ደግሞ የአገር ኮታ ሕግ ወጣ፤ ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጎምፐርስ አረፈ።

እሺ፣ በሩ ተዘጋ። ደሞዝ ጨመረ?

በቅርብ ዓመታት ኢኮኖሚስቶች የድሮውን የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ አገላብጠው አዩት። የ1920ዎቹ ኮታ ስደተኛ ባሳጣቸው ከተሞች የአሜሪካ ተወላጆች ገቢ አልጨመረም። ኮታው የማይመለከታቸው የሜክሲኮና የካናዳ ሰዎች መጡ፤ ከሌላ አካባቢ የመጡ አሜሪካውያንም ክፍተቱን ሞሉት። ገበሬው ወደ ማሽን ዞረ፤ የማዕድን ሥራው ቀዘቀዘ። የቻይናውያኑ እገዳም በምዕራብ አሜሪካ የፋብሪካ ምርትን ጎድቷል። የማዕድን ሠራተኞች ተጠቀሙ፤ አብዛኛው ነጭ ሠራተኛ ግን አብሮ ተጎዳ።

ምክንያቱም ሥራ ተቆርሶ እንደሚያልቅ ዳቦ አይደለም። ስደተኛው ይሠራል፣ ደሞ ይበላል፣ ቤት ይከራያል፣ ጫማ ይገዛል። እሱ ሲቀር ገበያውም አብሮት ይቀራል።

ይህ ማለት ማንም አይጎዳም ማለት አይደለም። ልክ እንደ ኒውዮርኩ ሲጋር ሠራተኛ፣ ከአዲሱ ሰው ጋር ያንኑ ሥራ የሚሻማ ሰው ሊጎዳ ይችላል። የጎምፐርስ ስህተት የራሱን ሙያ ቁስል የአገር ሁሉ ቁስል ማድረጉ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ በ1877 እጁ ላይ ነበር፦ አዲሱን ሰው ማኅበር ውስጥ ማስገባት።

ስለዚህ አንድ ሰው ስደተኛ ደሞዝ ይቀንሳል ሲላችሁ ቶሎ አትስማሙ፤ ቶሎም አትጣሉ። የማንን ደሞዝ? በየትኛው ሥራ? ብላችሁ ጠይቁት።