ዘር ሰብስቦ በረሃብ የሞተው ሊቅ፤ የኒኮላይ ቫቪሎቭ ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በመካከላችን ስለ ዝግመተ ለውጥ ክርክር ተነሥቷል። ከፊላችን ትምህርቱ የከሐድያን ነው ብለን ምዕራፉን ሳናነብ መጽሐፉን እንዘጋለን። ከፊላችን ደግሞ የተማረ ሰው ሁሉ ይቀበለዋል ስለተባለ ብቻ ሳንመረምር እንቀበላለን። ሁላችንም የጠየቅነው ማን ተናገረው ብለን እንጂ ማስረጃው ምንድን ነው ብለን አይደለም። እንዲህ ያለው አጠያየቅ በሥልጣን ሲታገዝ ምን ጥፋት እንደሚያመጣ ያሳየናልና፣ የአንድ ሩስያዊ የዕፅዋት ሊቅ ሕይወት እናቀርብላችኋለን። ዓመተ ምሕረት ካላልን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ወገን ወጥቶ በንግድ የከበረ ሰው ነበር። በ1891 በሩስያ ብርቱ ረሃብ ሲገባ ኒኮላይ የአራት ዓመት ሕፃን ነበር። አድጎም በሞስኮ የግብርና ትምህርት ተማረ፤ በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ጄኔቲክስ የሚባለውን የዘር ውርስ ጥናት ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ቀሰመ።

የዚህን ጥናት መሠረት የጣለው መነኵሴ እንደ ነበረ ልብ በሉ። ግሬጎር ሜንዴል ይባላል፤ የኖረውም በብርኖ ከተማ በሚገኝ የካቶሊክ ገዳም ነበር። በገዳሙ የአትክልት ቦታ አተር እያዳቀለ፣ የወላጅ ጠባይ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በሥርዓት መሆኑን በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ አስረዳ።

ቫቪሎቭ የሜንዴልን ግኝትና የዳርዊንን የዝግመተ ለውጥ ትምህርት ይዞ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ የምንበላው እህል መጀመሪያ የለመደው በየትኛው አገር ነው? የአንድ እህል ዝርያ እጅግ በበዛበት ቦታ ጥንተ አገሩ ሊገኝ ይችላል ብሎ አሰበ፤ ሐሳቡንም በ1926 በመጽሐፍ አወጣ። የጥያቄው ዓላማ ረሃብን ማስቀረት ነበር። በሽታና ድርቅ የሚችል ዘር ከጥንተ አገሩ ቢገኝ፣ ከሌላው ጋር አዳቅሎ የተሻለ እህል ማውጣት ይቻላልና። ለዚህም አምስት አህጉራትን ዞረ። በሌኒንግራድ በሚመራው ተቋምም ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚደርስ የዘር ናሙና ተከማቸ።

በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችንም መጥቶ ነበር። በጅቡቲ በኩል ገብቶ፣ በአዲስ አበባ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ጋር ተገናኝቶ፣ በቅሎ አስጭኖ ወደ ሰሜን ተጓዘ። ከየማሳው የስንዴና የገብስ፣ የጤፍና የኑግ ዘር ለቀመ። ገበሬዎቻችን ለይተው ያቆዩት የዝርያ ብዛት ስላስደነቀው፣ ኢትዮጵያን ከዓለም የእህል መገኛ ቦታዎች አንዷ አድርጎ መዘገባት።

በዚያው ዘመን ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ የገበሬ ልጅ በሶቭየት ኅብረት ስሙ እየገነነ ሄደ። ዘርን አርጥቦ በቅዝቃዜ በማቆየት ምርት እጅግ እንደሚጨምር ይናገር ነበር። ቫቪሎቭ ራሱ መጀመሪያ ላይ አመስግኖታል፤ ከፍ እንዲልም ረድቶታል። ነገር ግን ሊሴንኮ የዘር ውርስን ሕግ ካደ። ቫቪሎቭ አዲስ ዝርያ ለማውጣት ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ እውነቱን ሲናገር፣ ሊሴንኮ በጥቂት ዓመት አደርሳለሁ አለ። መንግሥትም ፈጣኑን ተስፋ ወደደ። በ1935 ሊሴንኮ ተቃዋሚዎቹን የሕዝብ ጠላት አስመስሎ ሲናገር ስታሊን በጉባኤ መካከል አወደሰው። በ1938 ቀድሞ ቫቪሎቭ ይመራው የነበረውን የግብርና አካዳሚ ለመምራት በቃ።

ከዚያ በኋላ ሙግቱ የማሳ መሆኑ ቀረ። ጄኔቲክስ የከበርቴ ሳይንስ ተባለ፤ ሜንዴል መነኵሴ መሆኑም እንደ ነውር ተቈጠረበት። በአንጻሩ ሊሴንኮ የዳርዊን ወራሽ ነኝ እያለ፣ ዳርዊን በአንድ ዓይነት ፍጥረታት መካከል አለ ያለውን ፉክክር ይክድ ነበር፤ ስንዴ ወደ ሌላ ዓይነት እህል ይለወጣል እስከ ማለትም ደርሷል። የዳርዊን ስም ባንዲራ ሆኖ ተውለበለበ፤ የዳርዊን ማስረጃ ግን ተጣለ።

ቫቪሎቭ ያየውን አላየሁም አላለም። በነሐሴ 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር ሲሰበስብ ተያዘ። አገር በመበደልና በስለላ ተከሶ በ1941 ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠለት። ወደ ሳራቶቭ ወህኒ ቤት ሲወሰድ ሚስቱና ትንሹ ልጁ በዚያችው ከተማ በስደት ነበሩ፤ እርሱ በቅርባቸው መሆኑን ግን አላወቁም። ዕድሜውን ረሃብን ለማጥፋት የደከመው ሰው በጥር 1943 በወህኒ ቤት ሰውነቱ በረሃብ አልቆ ሞተ። በዚያው ጦርነት ሌኒንግራድ በጀርመኖች ተከባ ሳለ፣ የተቋሙ ሠራተኞች የሩዝና የለውዝ ዘር አጠገባቸው ተከምሮ ሳይነኩት ከረሃብ የተነሣ ሞተዋል።

በ1948 ጄኔቲክስ በሶቭየት ኅብረት ጨርሶ ታገደ። የቫቪሎቭ ንጽሕና በ1955 ታወጀ፤ ሊሴንኮም በ1965 ከሥልጣኑ ተነሣ። በመካከሉ ግን አንድ ትውልድ ተማሪ ሐሰትን እንደ ሳይንስ ተምሮ አለፈ።

ይህ የኮሙኒስቶች ኃጢአት ብቻ ነው እንዳንል፣ በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት በ1925 የሰውን ዝግመተ ለውጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማርን በሕግ ከልክሎ ነበር። ጆን ስኮፕስ የተባለ መምህርም ተከሶ መቶ ዶላር ተፈረደበት፤ ሕጉ እስከ 1967 ጸንቷል። በሩስያ ዕውቀት የመነኵሴ ነው ተብሎ ተጠላ፤ በቴነሲ የከሐዲ ነው ተብሎ ተጠላ። ፈራጁ በሁለቱም ዘንድ ሥልጣን ነበር፤ በእርግጥ ሞትን ከመቶ ዶላር ጋር አናስተካክልም።

እኛም የዚህ ታሪክ ጥላ ደርሶብናል። በደርግ ዘመን ሃይማኖትን የሚያጣጥል ፍልስፍና የሳይንስ ስም ተሰጥቶት በፖለቲካ ትምህርት ይሰበክ ነበርና፣ ከታላላቆቻችን ብዙዎቹ ዝግመተ ለውጥን ከዚያ ስብከት ለይተው ማየት ቢቸግራቸው አንፈርድባቸውም። እኛ ግን ጊዜውም መጽሐፉም አለን። ዓለምን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ብለን ማመናችን በቅሪተ አካል ቍጥር አይጸናም፣ አይፈርስምም። የቅሪተ አካልና የዘር ምስክርነት ደግሞ በእኛ ጭብጨባ ወይም ፉጨት አይለወጥም። የአተሩ ሥርዓት መነኵሴ ቢያገኘውም ከሐዲ ቢያገኘው ያው ነበር።

ስለዚህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለሚቀጥለው ጉባኤያችን አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ስለ ዝግመተ ለውጥ የምንቃወምም የምንደግፍም፣ አስቀድመን ምዕራፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናንብብ፤ ያልገባንን በወረቀት ጽፈን እንምጣ። የሥነ ሕይወት ጥያቄ ከሆነ ሥነ ሕይወትን ለሚማሩ፣ የሃይማኖት ጥያቄ ከሆነ ለመምህራን አባቶቻችን እናቅርብ። በዚያም ቀን ማንም ሰው ስለ ጠየቀ ከሐዲ፣ ስለ ጸለየም ኋላ ቀር ተብሎ እንዳይሰደብ ከአሁኑ ቃል እንግባ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።