የተራራ ሰዎችን ዜማ የለቀመው ሴስል ሻርፕ

የተማረ ሰው ወደ ገጠር ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ሊያስተምር ወይም ሊያዝ ነው። ሊማር ወጥቶ በባላገር ደጃፍ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ጥቂት ነው። በዛሬው እሑድ የሕይወቱን ታሪክ የምንመለከተው እንግሊዛዊው የሙዚቃ መምህር ሴስል ሻርፕ ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነበር። ይህ ሰው በ56 ዓመት ዕድሜው፤ ጤናው ተጓድሎ ሳለ፤ በአሜሪካን አገር በአፓላቺያ ተራሮች ውስጥ ከጎጆ ወደ ጎጆ እየዞረ፤ አብዛኞቹ ማንበብና መጻፍ የማያውቁ ገበሬዎች በቃላቸው ይዘው ያኖሩአቸውን ዘፈኖች በወረቀት ላይ አሰፈረ። እርሱ ባይደርስላቸው ኖሮ ብዙዎቹ ከባለቤቶቻቸው ጋር በተቀበሩ ነበር። ነገር ግን ጆሮውን ያልሰጣቸው ዘፈኖችም ነበሩ፤ የእነዚያም ነገር የታሪኩ ክፍል ስለ ሆነ በቦታው እንናገረዋለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሴስል ሻርፕ በኖቬምበር 22 ቀን 1859 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደ። ዕለቱ የሙዚቀኞች ጠባቂ የምትባለው የቅድስት ሴሲሊያ በዓል ስለ ነበረ ስሙ ከእርስዋ ስም ተወሰደ። አባቱ ነጋዴ ነበር። ልጁ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በክሌር ኮሌጅ ገብቶ ያጠናው ሒሳብ ነበር፤ ልቡ ግን ከሙዚቃ አልተለየም። ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በ1882 ወደ አውስትራልያ ሄደና በአደሌድ ከተማ በመጀመሪያ የባንክ ጸሐፊ፤ ቀጥሎም የአንድ ከፍተኛ ዳኛ ረዳት ሆኖ ሠራ። ከቢሮው ሥራ ጎን ለጎን መዘምራንን ይመራ ነበር። በመጨረሻ የቢሮውን ሥራ ለቆ ከከተማው የሙዚቃ ትምህርት ቤት መሪዎች አንዱ ሆነ። በ1892 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በሚከተለውም ዓመት ኮንስታንስ በርች የምትባለውን ሴት አገባ። ኑሮውንም የመሠረተው በልጆች ትምህርት ቤት ሙዚቃ በማስተማር ነበር።

እስከ 40 ዓመት ዕድሜው ድረስ ሻርፕ የሚያውቀው ሙዚቃ በመጽሐፍ የታተመውን፤ በአዳራሽ የሚሰማውን ነው። የገዛ አገሩ ገበሬ የራሱ ሙዚቃ ያለው አይመስለውም ነበር። በ1899 በልደት በዓል ማግሥት በኦክስፎርድ አጠገብ ባለችው በሄዲንግተን መንደር በእንግድነት ተቀምጦ ሳለ ነጭ ልብስ የለበሱ፤ በእግራቸው ቃጭል ያሰሩ ሰዎች ወደ ደጃፉ መጥተው ጨፈሩ። ይህ የሞሪስ ጭፈራ ይባላል። ወቅቱ የጭፈራ ወቅት አልነበረም፤ ነገር ግን ውርጩ ሥራ ስላስፈታቸው ጥቂት ሳንቲም ለማግኘት ወጥተው ነበር። ሻርፕም ሙዚቃውን የሚመታላቸውን ግንበኛ ዊልያም ኪምበርን በማግሥቱ አስጠርቶ ዜማዎቹን ከእርሱ ጻፈ።

ከአራት ዓመት በኋላ በ1903 በሶመርሴት አውራጃ በሐምብሪጅ መንደር ወዳጁ ከሆነው ከቄስ ቻርልስ ማርሰን ቤት ተቀምጦ ሳለ አንድ አትክልተኛ ሣር እያጨደ ሲዘፍን ሰማ። የሰውየው ስም ጆን ኢንግላንድ፤ ዘፈኑም «የፍቅር ዘር» የሚባለው ነበር። ሻርፕ ወዲያው ወረቀትና እርሳስ አውጥቶ ዜማውን በኖታ ጻፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዕረፍት ጊዜውን ሁሉ በሶመርሴት መንደሮች በብስክሌት ሲዞር ያሳልፍ ጀመር። በሕይወቱ ሳለ በእንግሊዝና በአሜሪካ የሰበሰባቸው ዜማዎች ወደ 5,000 ይጠጋሉ። በ1907 ስለ ባላገር ዘፈን ያስተዋለውን በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1911ም የእንግሊዝ ባላገር ጭፈራ ማኅበርን አቋቋመ። ነገር ግን አንድ ነገር ያሳስበው ነበር። በእንግሊዝ አገር እነዚህን ዘፈኖች የሚያውቁት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ወጣቱ ወደ ፋብሪካና ወደ ከተማ ሄዶአል፤ የአያቱንም ዘፈን ያፍርበት ነበር።

በ1914 ታላቁ ጦርነት ሲነሣ ሻርፕ ሥራ አጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በኒውዮርክ ለሚታይ የሼክስፒር ቴያትር ጭፈራውን እንዲያዘጋጅ ተጠርቶ ወደ አሜሪካ ሄደ። በ1915 በማሳቹሴትስ ታሞ ተኝቶ ሳለ ወይዘሮ ኦሊቭ ካምቤል የሚባሉ ሴት ወረቀት ይዘው ሊጠይቁት መጡ። ባለቤታቸው ስለ ደቡብ ተራራ ሕዝብ ኑሮ ጥናት ያደርጉ ስለ ነበር እርሳቸውም አብረው ሲዞሩ ቆይተዋል። በ1908 በኬንተኪ ተራሮች በሂንድማን ትምህርት ቤት አንዲት ተማሪ «ባርባራ አለን» የሚባለውን የቆየ የፍቅርና የሞት ዘፈን ስትዘፍን ከሰሙ ጀምሮ የተራራውን ዘፈኖች ይጽፉ ነበር። ሻርፕ መጀመሪያ ብዙም ተስፋ ሳያደርግ ወረቀቱን ተቀበለ፤ ባነበበው ጊዜ ግን ያየውን ለማመን አዳገተው። «ባርባራ አለን» ሳሙኤል ፒፕስ የሚባለው የሎንዶን ሹም በ1666 በዕለት ማስታወሻው ያነሣው ዘፈን ነው። በእንግሊዝ አገር ከሽማግሌዎች አፍ ተለምኖ የሚገኘው እንዲህ ያለ ዘፈን በአሜሪካ ተራሮች ልጆች ይዘፍኑት ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ያልን እንደ ሆነ ምክንያቱ በሕዝቡ ታሪክ ይገኛል። በ18ኛው መቶ ዓመት ከእንግሊዝ፤ ከስኮትላንድና ከሰሜን አየርላንድ የመጡ ብዙ ድኾች በባሕር ዳር ያለው ለም መሬት ተይዞ ስላገኙት ወደ ምዕራብ ወደ አፓላቺያ ሸለቆዎች ገቡ። መንገዱ የወንዝ መውረጃ ነበር፤ ከተማውም ሩቅ ነው። ይዘውት የሄዱት ንብረት ጥቂት ሲሆን ዘፈኑ ግን በቃል የሚያዝ ስለ ሆነ አልከበዳቸውም። እናት ለልጅዋ፤ አያት ለልጅ ልጁ እያስተላለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ።

ሻርፕ በ1916 በጁላይ ወር ወደ ሰሜን ካሮላይና ተራሮች ገባ። ረዳቱ የ30 ዓመትዋ ወይዘሪት ሞድ ካርፕልስ ነበረች። ዘፋኙ ሲዘፍን ሻርፕ ዜማውን በኖታ ሲጽፍ፤ እርስዋ ግጥሙን በአጭር ጽሕፈት ትይዝ ነበር። ፀሐይና ዝናብ ሳይሉ ድንጋያማውን ጎዳና በእግራቸው ይጓዙ ነበር። ሻርፕ አስም ነበረበት፤ ሥጋም ስለማይበላ የአሳማ ስብ በማይለየው የተራራ ገበታ ይቸገር ነበር። በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ የሚመጣው ወሬ ሁሉ መርዶ ሆነ። አብረውት ይጨፍሩ ከነበሩት ወጣቶች አራቱ በ1916 በፈረንሳይ ጦር ግንባር ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዱ የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ ባተርወርዝ ነበር። የገዛ ልጁም ክፉኛ ቆሰለ። ሻርፕ ግን ሥራውን አላቋረጠም።

በተራራው ላይ ያገኘው ነገር ድካሙን የሚያስረሳ ነበር። በእንግሊዝ እንዳየው ሳይሆን እዚህ ሕፃኑም ሽማግሌውም ይዘፍናል። ዘፈን እንደ ንግግር የዕለት ነገር ነው። አንዲት ሴት የዘፈኑ ግጥም በመካከል ቢጠፋባቸው አዘኑና ላሞቹን ወደ ቤት እየነዱ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይመጣላቸው እንደ ነበር ነገሩት። አንድ ትንሽ ልጅም ወደሚዘፈንበት ጎጆ ተጠግቶ ሊገባ ሲል ምን እንደ ፈለገ ቢጠየቅ ጣፋጭ ሙዚቃ ካለበት ሁሉ እንደሚሄድ መለሰ። በሆት ስፕሪንግስ የሚኖሩት ወይዘሮ ጄን ጄንትሪ ብቻቸውን ከ60 በላይ ዘፈን ሰጡት። ብዙዎቹ ዜማዎች የእኛ ትዝታና ባቲ እንደ ቆሙበት ዓይነት በአምስት ድምፅ ብቻ የተሠሩ ነበሩ። ይህን ስንል ዝምድና አላቸው ማለታችን አይደለም፤ ሻርፕ ምን እንደ ሰማ አንባቢው በጆሮው እንዲገምት ነው።

ሻርፕ የተራራውን ሰዎች ባየ ጊዜ ስለ ትምህርት ያለው አሳብ ተለወጠ። ፊደል የማያውቁ ሆነው ሳለ ንግግራቸው የታረመ፤ እንግዳ አቀባበላቸው ጨዋነት የሞላበት፤ ጭንቅላታቸውም በብዙ ግጥም የተሞላ ሆኖ አገኛቸው። አስቦ ያልጠበቀው ችግር የመጣው ከትምህርት ቤት በኩል ነበር። ከውጭ የመጡ ብዙ አስተማሪዎች ለልጆቹ የከተማ መዝሙር እያስተማሩ የአባቶቻቸውን ዘፈን እንዲንቁ ያደርጉአቸው ነበር። ሁሉም ግን እንዲህ አልነበሩም። በ1917 በኬንተኪ በጎበኘው በፓይን ማውንቴን ትምህርት ቤት ልጆቹ የአገራቸውን ዘፈን በኩራት ይዘፍኑ ነበር። የአካባቢውንም ጭፈራ በዚያ አይቶ በሚቀጥለው ዓመት በመጽሐፍ አወጣው።

በ1916፤ በ1917 እና በ1918 በተራሮቹ ያሳለፈው ጊዜ ሲደመር 46 ሳምንት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ281 ዘፋኞች 1,612 ዜማ ጻፈ። በ1917 ከወይዘሮ ካምቤል ጋር የመጀመሪያውን መጽሐፍ አሳተመ፤ በውስጡም 122 ዘፈኖች በ323 ዜማ ይገኛሉ። አንድ ዘፈን ከሸለቆ ሸለቆ ዜማው ስለሚለያይ ሻርፕ ትክክለኛው ይህ ነው ብሎ አንዱን አልመረጠም፤ ጎን ለጎን አኖራቸው። በማስታወሻውም የዘፋኙን ስም፤ ቦታውንና ቀኑን ጻፈ። ለትምህርት ቤት ባሳተማቸው መጻሕፍት አንዳንድ ብልግና ያለበትን ቃል ሲለውጥ፤ በማስታወሻው ግን እንደ ሰማው ትቶታል።

አሁን መጀመሪያ ወዳቆየነው ነገር እንመለስ። ሻርፕ ወደ ተራራው የወጣው የእንግሊዝን ዘፈን ሊፈልግ ነው፤ ያገኘውም የፈለገውን ነው። የስኮትላንድና የሰሜን አየርላንድ ልጆች የዘፈኑትንም ሁሉ በመጽሐፉ ርዕስ እንግሊዝኛ ብሎ ሰየመው። በየጎጆው ብዙ መንፈሳዊ መዝሙር ይዘመር ነበር፤ አብዛኛውን አለፈው። ባንጆ ይመታ ነበር፤ እርሱ ግን ብዙ አላተኮረበትም። ይህ ባንጆ ከባርነት ጋር ከአፍሪቃ የመጣ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ከቅል ተሠርተው ቆዳ የተወጠረባቸው ነበሩ። የተራራው ሙዚቃ ከብሪታንያ በመጣው ግጥምና ዜማ፤ በቫዮሊንም፤ በአፍሪቃ ልጆች ምትና መሣሪያም የተገመደ ገመድ ነው። ሻርፕ ከዚህ ገመድ አንዱን ፈትል መዘዘ። በ1918 በቨርጂኒያ በባርነት የኖሩ አንዲት ጥቁር አሮጊት «ባርባራ አለን»ን በሚያምር ድምፅ ዘፈኑለት። ዘፈኑ የዘር ድንበር እንደማያውቅ የሚያሳይ ማስረጃ በፊቱ ቆሞ ነበር። እርሱ ግን ጥቁር ዘፋኞችን አጥብቆ አልፈለገም፤ በጽሑፎቹም ውስጥ ጥቁሮችን የሚያዋርዱ ቃላት ይገኛሉ።

ሻርፕ አገሩ ተመልሶ የባላገርን ጭፈራና ዘፈን በትምህርት ቤቶች ሲያስፋፋ ቆየ። በ1923 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ የክብር ዲግሪ ሰጠው። በጁን 23 ቀን 1924 ዓ.ም. በሎንዶን ሞተ። በ1930 በስሙ የተሠራው ቤት በሎንዶን ተከፈተ፤ ዛሬም የባላገር ሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት በውስጡ ይገኛል። ወይዘሪት ካርፕልስም በ1932 የተራራውን ዘፈኖች በሁለት ቅጽ አስፋፍታ አሳተመች። ሻርፕ በሞተ በሦስተኛው ዓመት በ1927 በቴኔሲና በቨርጂኒያ ድንበር ላይ ባለችው በብሪስቶል ከተማ የሸክላ ኩባንያ ሰዎች የተራራውን ዘፋኞች ጠርተው ቀረጹ። ከእነርሱም መካከል የካርተር ቤተ ሰብ የሚባሉት ይገኛሉ። ሸክላው ሻርፕ ያለፈውን ጊታርና ባንጆ፤ መዝሙሩንም ጭምር ያዘ። ቢሆንም ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሻርፕ ያልጻፈው ብዙ ነገር ማንም ሳይዘው ቀርቶአል።

ሻርፕን ለማመስገንም ለመውቀስም ማስረጃው አንድ ነው፤ ማስታወሻው። የጻፈው ስላለ እናመሰግነዋለን፤ ያልጻፈው ስለ ጠፋ እንወቅሰዋለን። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ብዙዎቹ በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ ትውልድ አገራቸው የሚሄዱ ተማሪዎች፤ ወይም በሥራ ምክንያት ወደ ገጠር የሚላኩ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ ድምፅ ስለሚቀዳ ኖታ አናውቅም የሚለው ምክንያት ቀርቶአል። የሚቀረው በዘፋኙ ደጃፍ መቀመጥና ስማቸውን፤ መንደራቸውን፤ ቀኑን ከዘፈኑ ጋር መጻፍ ነው። ይልቁንም ተራ ነገር ነው ብለን ልናልፈው የቃጣነውን ዘፈን፤ ዝቅ አድርገን የምናየውም ሰው የሚዘፍነውን አስቀድመን እንጠይቅ። ሻርፕ የሳተው በዚህ ነበርና።