ሳይናገር ያሳቀው ቻርሊ ቻፕሊን

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን የእንግሊዛዊውን ተዋናይ የቻርሊ ቻፕሊንን ታሪክ አቀርብላችኋለሁ። ያ ትንሽ ባርኔጣ፣ ሰፊ ሱሪ፣ ትልልቅ ጫማና ከዘራ ያለው ሰውዬ ማለት ነው። ፊልሞቹን ሳይ ሆዴን እስኪያመኝ እስቃለሁ፤ ታሪኩን ሳነብ ግን አዘንኩ።

ቻርሊ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1889 ሲሆን ያደገው ለንደን ነው። እናቱና አባቱ የመድረክ ዘፋኞች ነበሩ። አባቱ ግን ጠጪ ስለነበር ቤተሰቡን አይረዳም። ቻርሊ እንደተናገረው በ5 ዓመቱ እናቱ መድረክ ላይ ድምጿ ስለተዘጋ እሱ በእሷ ፈንታ ዘፈነ። ሰዎች ሳንቲም ሲወረውሩለት ዘፈኑን አቁሞ መልቀም ጀመረ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ!

በ7 ዓመቱ ችግር ስለጠናባቸው ከእናቱና ከወንድሙ ከሲድኒ ጋር የድሆች መጠለያ ገባ። በኋላም እናቱ አእምሮዋን ታማ ሆስፒታል ገባች። በ14 ዓመቱ፣ ማለትም እኛን ሲያክል፣ ቴያትር ላይ ጋዜጣ አዟሪ ልጅ ሆኖ ተወነ። በደንብ ማንበብ ስለማይችል እያነበበ ያስጠናው ሲድኒ ነበር።

በ1910 ከቴያትር ቡድን ጋር አሜሪካ ሄደ። በ1914 ፊልም ጀመረ። ያኔ ፊልም ድምፅ ስለሌለው እንግሊዝኛ የማይችልም ሰው ይገባዋል። በ1921 «ልጁ» የተባለውን ፊልም አወጣ። አንድ ድሃ ሰው የተጣለ ሕፃን አንስቶ ያሳድጋል፤ በኋላ ሰዎች መጥተው ልጁን ሊወስዱበት ይታገሉታል። በዚያው ዓመት ቻርሊ እናቱን አሜሪካ አስመጣት።

በ1940 «ታላቁ አምባገነን» በተባለው ፊልም በሂትለር ላይ አሾፈ። ሁለቱ የተወለዱት በ4 ቀን ልዩነት ነው። ሙሶሊኒም እዚያው ፊልም ላይ መሳቂያ ሆኗል። ያን ጊዜ አገራችን ገና በጣሊያን ወረራ ሥር ነበረች፤ ስለዚህ ይህ ፊልም እኛንም ይመለከታል እላለሁ።

በ1952 ለጉዞ ከአሜሪካ እንደወጣ በፖለቲካ ተጠርጥሮ የመመለሻ ፈቃዱ ተሰረዘበት። ከዚያ ስዊዘርላንድ ኖረ። ከ20 ዓመት በኋላ በ1972 ሄዶ የኦስካር ሽልማት ሲቀበል ሰው ሁሉ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አጨበጨበለት። በ1977 በ88 ዓመቱ አረፈ።

እኔ የተማርኩት ይህን ነው። ቻርሊ ድሃ መስሎ ሲተውን በድሃ ላይ አላሾፈም፤ ያሾፈው ድሃን በሚንቁት ላይ ነው። እኛ ግን ጫማው የተቀደደ ልጅ ስናይ የምንስቀው በማን ነው? እስቲ እናስብበት።