ፓውሊ ሙሬይ፦ በእምነትና በዝምታ መካከል የኖሩ ሰው

የሕግ ሊቅ፣ ባለቅኔና ካህን የነበሩት ፓውሊ ሙሬይ ስማቸው አዘውትሮ የሚነሣው በአሜሪካ የዘርና የጾታ አድልዎን በሕግ በመዋጋታቸው ነው። የሰውን ኅሊና መጠበቅ ሙያቸው ለሆነ ሰዎች ግን ሕይወታቸው ሌላም ትምህርት አለው። ሃይማኖት በፍቅር ዝንባሌያቸው ወይም በጾታ ማንነታቸው ከብዙኃኑ የሚለዩ ሰዎችን መንፈስ እንዴት እንደሚያቆስል፣ እንዴትም እንደሚጠግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይታያልና።

አና ፓውሊን ሙሬይ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1910 በባልቲሞር ከተማ ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እናታቸው በ1914 ሞቱ። አባታቸው የአእምሮ ሕሙማን በሚጠበቁበት የመንግሥት ሆስፒታል ሳሉ በ1923 በአንድ ጠባቂ ተደብድበው ተገደሉ። እርሳቸውን ያሳደጓቸው በሰሜን ካሮላይና፣ በደርሃም ከተማ ይኖሩ የነበሩት መምህርት አክስታቸው ፓውሊን ፊትዝጄራልድ ዴም ናቸው። ቤቱ ጸሎት የማይታጎልበት፣ የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚከበርበት፣ ጨዋነትም ከሁሉ በላይ የሚታይበት ነበር። አክስቲቱ ልጁን የወንድ ልብስ ሲመርጥ ቢያዩም በትዕግሥት አለፉት። የአባት ሕመምና አሟሟት ግን፣ እብደት በዘር ይወርድ ይሆን የሚል ፍርሃት በልጅነት ልቡና ውስጥ ተከለ። ይህም ፍርሃት እስከ ጉልምስና አልለቀቃቸውም።

ሙሬይ ኒው ዮርክ ገብተው በ1933 ከሐንተር ኮሌጅ ተመረቁ፤ ፓውሊ የሚለውንም አጠር ያለ ስም ለራሳቸው መረጡ። ልባቸው ያደላው ለሴቶች ነበር። ይሁን እንጂ ከተዋቸው ማስታወሻዎች እንደሚታየው፣ ራሳቸውን የሚቆጥሩት ሴትን እንደምታፈቅር ሴት ሳይሆን እንደ ወንድ ነበር። በ1937 ከአንድ የፍቅር መለያየት በኋላ መንፈሳቸው ታውኮ ሆስፒታል ገቡ፤ በ1940ም እንዲሁ። በሆስፒታል ሳሉ ለሐኪሞች የሚቀርቡ ጥያቄዎችን በተራ ጽፈው አዘጋጁ። የወንድ ሆርሞን እንዲሰጣቸው ደጋግመው ቢለምኑም የሚሰማቸው አላገኙም። ዛሬ ስለ ሙሬይ የሚጽፉ ተመራማሪዎች በወንድ አንቀጽ ይጠሩ ወይስ በሴት በሚለው ጉዳይ አልተስማሙም። የአማርኛው የአክብሮት አንቀጽ ግን ከዚህ ክርክር ያሳርፋል።

በዚያ ዘመን ሙሬይ በሁለት ዳኞች ፊት የቆሙ ያህል ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ነገሩን ኃጢአት ትለዋለች፤ ሕክምና ደግሞ በሽታ ይለዋል። ከልባቸው አማኝ ለሆነ ሰው ይህ ድርብ ፍርድ ነበር፤ ወደ ካህኑ ቢሄድ ነውሩን፣ ወደ ሐኪሙ ቢሄድ ጉድለቱን ይዞ መቅረብ ነበረበትና። በሰውነት ውስጥ የተሰወረ ምክንያት እንዲፈለግላቸው ያን ያህል መጓጓታቸውም ከዚህ ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ምክንያቱ በተፈጥሮ አካል ውስጥ ቢገኝ ኖሮ፣ ባደጉበት ሥነ ምግባር ፊት በደለኛ ሆነው መቆም ይቀርላቸው ነበር። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1954 የታይሮይድ ዕጢ ሕመም እንዳለባቸው ታውቆ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ፣ ለረጅም ዓመታት ያናወጣቸው የስሜት መለዋወጥ በእጅጉ ረግቷል። ስለዚህ የመከራቸው ምክንያት አንድ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም።

ይህን ሁሉ በውስጣቸው ይዘው ነው ታላቁን ሥራ የሠሩት። በ1944 ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አንደኛ ሆነው ቢመረቁም፣ ሐርቫርድ ሴት አንቀበልም ብሎ መለሳቸው። የዘር ልዩነት ሕጎችን በየግዛቱ ዘርዝሮ የያዘውና በ1951 የታተመው መጽሐፋቸው ለመብት ተከራካሪ ጠበቆች ዋና መሣሪያ ሆነ። ሥራውን ያዘዘው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ክፍል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በ1966 ከብሔራዊ የሴቶች ድርጅት መሥራቾች አንዱ ሆኑ።

በ1956 በአንድ የሕግ ቢሮ ተቀጥረው ሳለ ከቢሮው ሥራ አስኪያጅ ከአይሪን ባርሎ ጋር ተዋወቁ። ሁለቱ በአንድ ቤት ባይኖሩም አብረው ያስቀድሱ፣ አብረው ይጸልዩ ነበር። ለሙሬይ ፍቅርና እምነት ሳይጣሉ ጎን ለጎን የቆሙት በዚህ ወዳጅነት ውስጥ ነው። ሃይማኖታቸውም ዝም ብሎ መታዘዝን ብቻ አላስተማራቸውም፤ በ1966 አንድ እሑድ፣ በቅዳሴው አገልግሎት ወንዶች ብቻ መሰለፋቸው አስቆጥቷቸው ከቤተ ክርስቲያን ተነሥተው ወጡ። ተቆጥተው ቢወጡም እምነታቸውን አልተዉም።

ባርሎ በ1973 መጀመሪያ በአንጎል ዕጢ ሲሞቱ፣ በአጠገባቸው ካህን ስላልነበረ የስንብቱን ጸሎት ያነበቡት ሙሬይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የዩኒቨርሲቲ መምህርነታቸውን ትተው በ62 ዓመታቸው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ውስጥ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከሕመሞች ዝርዝር አወጣው። የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያንም በ1976 ለሴቶች ቅስናን ፈቀደች። በአንድ ወገን ሕክምና፣ በሌላው ወገን ቤተ ክርስቲያን የዘጉትን በር ገርበብ ማድረግ ጀመሩ።

ጃንዋሪ 8 ቀን 1977 ሙሬይ በዋሽንግተን ካቴድራል ቅስና ተቀበሉ። በሚቀጥለውም ወር በቻፕል ሂል፣ አያታቸው ኮርኔሊያ በ1854 ባሪያ ሳሉ በተጠመቁበት ቤተ ክርስቲያን ቁርባን አቀበሉ። ነጭና ጥቁር፣ ወንድና ሴት፣ ባሪያና ጌታ እየተባለ ሲከፋፈል የኖረው ማንነታቸው በዚያ መንበር ፊት አንድ ሆኖ ቆመ።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር ቀረ። ከሙሬይ ሹመት ሁለት ቀን በኋላ፣ ሴትን እንደምታፈቅር በግልጽ የተናገረች አንዲት ሴት በኒው ዮርክ ቅስና ብትቀበል ታላቅ ውዝግብ ተነሣ። ሙሬይ ስለራሳቸው በአደባባይ አልተናገሩም። ጁላይ 1 ቀን 1985 በፒትስበርግ ከሞቱ በኋላ፣ በ1987 የታተመው ግለ ታሪካቸውም ስለ ሆርሞኑ ልመና አያነሣም፤ ባርሎንም በወዳጅነት ብቻ ያነሣል። ሆኖም ማስታወሻዎቹን አላቃጠሏቸውም፤ ከሌሎች ሰነዶቻቸው ጋር ለራድክሊፍ ቤተ መጻሕፍት ትተዋቸዋል።

ስለዚህ ሃይማኖት ለሙሬይ ቁስልም ፈውስም ነበረ። የጎዳቸው በእግዚአብሔር ማመናቸው አይደለም፤ ለሚያምኑት አምላክ በማኅበር ፊት ሙሉ ማንነታቸውን ይዘው መቅረብ አለመቻላቸው ነው። የጠገናቸውም ስፍራና አገልግሎት ማግኘታቸው ነው፤ ጥገናው ያልደረሰበት ክፍል በዝምታ የተሸፈነው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሕሙም ፊቱ የሚቀመጥ ባለሙያ እምነቱን እንዲተው ቢመክረው ከዘመዱ ይለየዋል፤ ማንነቱን እንዲክድ ቢመክረውም ከራሱ ይለየዋል።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በ2012 ሙሬይን ከቅዱሳኗ መታሰቢያ ጋር ደመረቻቸው። ዐፅማቸው ያረፈው በብሩክሊን፣ ከአይሪን ባርሎ ጋር በአንድ መቃብር ነው።