የአፄ ቴዎድሮስ እጆች፦ ከጦር ውርወራ እስከ ጋፋት

ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም ገደማ በቋራ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸው ካሣ ኃይሉ ነበር። በዘመኑ ጎልማሳ የሚመዘነው በፈረስ ግልቢያውና በጦር ውርወራው ነበርና የካሣም ስም በሁለቱ ገነነ። በመቅደላ ታስሮ የቆየው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ሳይቀር ችሎታቸውን በጽሑፉ መስክሮላቸዋል።

ጦር የሚወረወረው በክንድ ብቻ አይደለም። ጉልበቱ ከእግር ተነሥቶ፣ በወገብና በትከሻ አልፎ፣ በመጨረሻ የሚወጣው በጣቶች በኩል ነው። ጣቶች ከላሉ ዘንጉ ይዋልላል፤ ከሚገባው በላይ ይዘው ከቆዩ ጫፉ ወደ መሬት ያዘቀዝቃል። አጥብቆ መያዝም ሆነ በጊዜው መልቀቅ የጣት ብርታት ይሻል።

ይሁንና በ1840 ዓ.ም ካሣ ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው ሲሸነፉ፣ ጀግንነትና የክንድ ጉልበት መድፍን እንደማይመክቱ ተረዱ። በ1845 ዓ.ም አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል ነሥተው፣ በ1847 ዓ.ም ደረስጌ ማርያም ሲነግሡም ያን ትምህርት አልዘነጉትም። ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው፣ በአቅራቢያዋ በምትገኘው ጋፋት አውሮፓውያን ባለሙያዎችን መድፍ አሠሯቸው። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የፈሰሰውም በዚያው ነው።

የዚህ ሁሉ ስንቅ ግን ከገበሬው ጎተራ የሚወጣ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በመጀመሪያ ወታደሩ በደመወዝ እንጂ በገበሬው ላይ እንዳይኖር ጥረዋል። ዐመፅ ሲበረታና ግዛታቸው ሲጠብ ግን ሠራዊቱ የበጌምድርን እህልና ከብት ዘረፈ፤ በ1859 ዓ.ም ጎንደር ተቃጠለች፤ የብዙ ምርኮኞችም እጅና እግር ተቆረጠ። እንደ ይፋግ ያሉ የበጌምድር ገበያዎች የሚደምቁት ገበሬው ሲያመርት ነበርና፣ የእርሱ መራቆት ለነጋዴውም ተረፈ።

በ1860 ዓ.ም አፄ ቴዎድሮስ መድፎቻቸውን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ አስጎተቱ። ዳገቱንና ገደሉን መንገድ ለማድረግ በወራት በተቆጠረው በዚያ ጉዞ፣ ከወታደሮቻቸው ጋር በገዛ እጃቸው ድንጋይ አንሥተዋል። ሴባስቶፖል መቅደላ ደረሰ፤ የእንግሊዝን ጦር ግን አላቆመም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም ጠላት አምባውን ሲሰብር፣ እጅ መስጠትን ንቀው በሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ።

ስለዚህ በደቡብ ጎንደር ምድር የእርሳቸው ታሪክ ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ የጋፋት እሳት፣ ሌላው የተራቆተው የገበሬ ጎተራ ነው።