አሕመድ ኻኒ፤ የኩርድ ሕፃናት መምህር

አሕመድ ኻኒ የተወለደው እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፥ በኦቶማንና በፋርስ መንግሥታት መካከል በሚገኘው በኩርዶች አገር ነው። በዚያ ዘመን የትምህርት ቋንቋ ዐረብኛ፥ የባለቅኔዎች መመኪያ ፋርስኛ ነበር። በኩርድኛ የተቀኙ ጥቂት ሊቃውንት ቢኖሩም፥ ሕፃኑ ከእናቱ የተማረውን ቋንቋ ከትምህርት ቤት ደጅ ጥሎ ይገባ ነበር።

ኻኒ ዐረብኛንም ፋርስኛንም ጠንቅቆ ያውቅ ስለ ነበረ፥ በነዚህ ጽፎ በሊቃውንት ዘንድ ክብርን ማግኘት አይሳነውም ነበር። ነገር ግን መምህር ነበረና የተማሪውን ድካም ተመለከተ። በ1683 የዐረብኛውን ቃል በኩርድኛ የሚፈታ፥ በቃል ለማጥናት እንዲመች በግጥም የተሰናዳ አነስተኛ መዝገበ ቃላት ደረሰ፤ ስሙንም የሕፃናት ጸደይ አለው። ቁርኣን ማንበብ የፈጸመ ልጅ ወደ ዐረብኛ ሰዋስው ከመሻገሩ በፊት ይህን ያጠና ነበር።

በ1692 ደግሞ በሰሜኑ ዘዬ በኩርማንጂ፥ ሜምና ዚን የተባለውን ታላቅ የፍቅር ታሪክ በግጥም ጻፈ። በመግቢያውም ኩርዶች አንድነት አጥተው በሁለት ኃያላን መንግሥታት መካከል መከፈላቸውን በሐዘን ገለጸ፤ በኩርድኛ መጻፉም ሌሎች ሕዝቦች ኩርዶችን ዕውቀት የሌላቸው ናቸው እንዳይሏቸው መሆኑን አስታወቀ።

ኻኒ በ1707 ዐረፈ፤ መቃብሩም በባያዚድ ከተማ አጠገብ ይገኛል። በ1924 የቱርክ መንግሥት የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችን ቢዘጋም፥ የመንደር መምህራን ትንሿን መጽሐፍ በስውር ማስተማራቸውን አልተዉም። ታላቁ ድርሰት ለኩርዶች ስምን አተረፈላቸው፤ አንባቢን ያፈራችላቸው ግን ለሕፃናት የተጻፈችው ናት።