ላውረንስ በትለርና ባለ ቀለሙ መጋረጃ

ከአዲስ አበባ መሐል ከተማ ተነሥቶ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው ጎዳና ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው አቃቂ ቃሊቲ ሲደርስ በግራም በቀኝም የሚያየው የፋብሪካና የመጋዘን ጣሪያ ነው። እነዚህ ቤቶች የተሠሩት ለሸቀጥና ለመኪና እንጂ ለኪነ ጥበብ አይደለም። ይሁን እንጂ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ወለላቸው ሰፊ፣ በመካከላቸውም ምሰሶ የማይበዛባቸው በመሆኑ፣ አንድን ተዋናይ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት አቁሞ ለማንሣት ለሚፈልግ ባለሙያ ከመሐል ከተማ ጠባብ ክፍል ይልቅ ይመቻሉ። ሥራው ሲጀመር የተዋናዩን ፊት ማብራት እምብዛም አያስቸግርም፤ ችግሩ የሚመጣው ከእግር ነው። ፊቱ ያማረ ተዋናይ፣ ጀርባው ተለውጦ በራስ ዳሸን አናት ላይ ሲታይ እግሩ መሬት ሳይነካ የተንሳፈፈ ይመስላል። ተመልካቹም ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ መታለሉን ያውቃል።

ከሰማንያ ዓመታት በላይ አስቀድሞ ይህንኑ ፈተና በባለ ቀለም ፊልም የተጋፈጠው ላውረንስ በትለር ነው። ስሙ ከተዋንያንና ከአዘጋጆች ስም ጋር ተደርድሮ ባይነሣም፣ ዛሬ በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት መብራት የሚተክል ሁሉ የሚሄደው እርሱ በጠረገው መንገድ ነው።

በትለር እ.ኤ.አ. በ1908 በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በአክረን ከተማ ተወለደ። ያደገበት ዘመን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ገና ድምፅና ቀለም ያላገኘበት ነበር። አንድን ሰው ካለበት ቦታ ለይቶ በሌላ ቦታ ላይ የማሳየት ጥበብ ግን በዚያን ጊዜም ተጀምሮ ነበር። ፍራንክ ዊልያምስ የተባለው ባለሙያ በዚህ ረገድ የደረሰበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1918 በፓተንት አስመዝግቧል። በ1920ዎቹ ዓመታት ደግሞ ደኒንግ የተባለው ባለሙያ መጋረጃውን በሰማያዊ ብርሃን፣ ተዋናዩን በብጫ ብርሃን እያበራ ሁለቱን የሚለይበትን መንገድ ፈለሰፈ። በ1933 የወጣው «ኪንግ ኮንግ» በእነዚህ ዘዴዎች ተጠቅሟል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀለም ስለማያሳይ ተዋናዩ በብጫ መብራት መጥለቅለቁን ማንም አያውቅም ነበር። ቀለም ሲመጣ ግን ዘዴው ከነጥቅሙ ወደቀ፤ ብጫ የተበራበት ፊት ብጫ ሆኖ ይታያልና።

በ1930ዎቹ አጋማሽ በትለር ኔድ ማን ከሚመራው የልዩ ትርኢት ባለሙያዎች ቡድን ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ፣ በሀንጋሪ ተወላጁ በአሌክሳንደር ኮርዳ ድርጅት ውስጥ መሥራት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው «የሚመጡት ነገሮች» የተባለው ፊልም ከዚህ ዘመን ሥራዎቹ አንዱ ነው። የእጅ ሙያው የታወቀው በትናንሽ ሞዴሎችና በኅትመት መሣሪያ አጠገብ ሲሆን፣ ስሙን ያስጠራው ታላቅ ሥራ ግን ከዚያ በኋላ መጣ።

ኮርዳ «የባግዳድ ሌባ» የተባለውን የአረብ ተረት በሙሉ ቀለም ለመሥራት ተነሣ። ታሪኩ የሚበር ፈረስና ምንጣፍ፣ እንዲሁም ከጠርሙስ የሚወጣ ጂኒ ያለበት ነው። ጂኒውን የተጫወተው ጥቁር አሜሪካዊው ተዋናይ ሬክስ ኢንግራም፣ ልጁን የተጫወተው ደግሞ የሕንድ ተወላጁ ሳቡ ነበር። ግዙፉ ጂኒ ከፊቱ ከቆመው ትንሽ ልጅ ጋር በአንድ ሥዕል ውስጥ፣ በሙሉ ቁመናው፣ በባሕር ዳርቻ ሊታይ ግድ ነበር። ይህን ትርኢት በሞዴል ወይም በተቀባ ሸራ ብቻ ማሳየት አይቻልም።

ሥራው በተጀመረበት በ1939 መስከረም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ኮርዳ የጀመረውን ፊልም ለጊዜው ገትቶ የጦርነት ፊልም ለመሥራት ተገደደ፤ በመጨረሻም የቀረውን ሥራ በ1940 ወደ አሜሪካ አሻገረ። ይህ ወቅት ኢትዮጵያውያን አርበኞች በየዱሩ ከፋሺስት ወራሪ ጋር የሚዋደቁበት ነበር። ጦርነቱ የፊልም ሠራተኛውን እንደ ልቡ ከአገር አገር እንዳይዘዋወር ሲያግደው፣ ሩቅ አገርን ወደ ስቱዲዮ የሚያመጣው መጋረጃ ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ የሥራው ምሰሶ ሆነ።

የበትለር ዘዴ የተመሠረተው በቴክኒከለር ካሜራ አሠራር ላይ ነው። ይህ ካሜራ የገባለትን ብርሃን በመስተዋት ከፍሎ በሦስት ፊልሞች ላይ፣ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ ይቀርጽ ነበር። ተዋናዩ በሰማያዊ መጋረጃ ፊት ቆሞ ሲነሣ፣ መጋረጃው በሰማያዊው ኔጋቲቭ ላይ ደማቅ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ በቀዩ ኔጋቲቭ ላይ ግን ከሞላ ጎደል ባዶ ይሆናል። የሰው ቆዳ፣ ጠቆረም ቀላም፣ በአብዛኛው ወደ ቀይና ብጫ ያዘነበለ በመሆኑ በሁለቱም ላይ ዱካውን ይተዋል። በትለር ይህን ልዩነት ይዞ፣ የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር አገናኝቶ፣ ጥቁሩን ከነጩ አጥብቆ በሚለይ ፊልም ላይ በማተም የተዋናዩን ጥላ ምስል አወጣ። ከዚያም ጥላ ምስሉንና ግልባጩን በኅትመት መሣሪያ ላይ በመጠቀም ጀርባውንና ተዋናዩን በአንድ ፊልም ላይ አዋሐደ። ተዋናዩ በነጭ ብርሃን ሊበራ ስለቻለ የቆዳው ቀለም ሳይበላሽ ቀረ፤ የደኒንግ ዘዴ ያቃተውም ይኸው ነበር።

ሆኖም ዘዴው ሁሉ የተንጠለጠለው በመብራት ላይ ነው። የመጋረጃው አንድ ማዕዘን ከሌላው ከደበዘዘ ጥላ ምስሉ በዚያ በኩል ይበሳል። ተዋናዩ ወደ መጋረጃው ከቀረበ ሰማያዊው ብርሃን ተንጸባርቆ በጫፉ ላይ ይጣበቃል። የዘመኑ ባለ ቀለም ፊልም ለብርሃን የነበረው ስሜት ደካማ በመሆኑ የአርክ መብራት በብዛት ይፈለግ ነበር፤ ሙቀቱም ለሠራተኛውና ለተዋናዩ ከባድ ነበር።

ውጤቱ እንከን አልነበረበትም ማለት እውነት አይሆንም። «የባግዳድ ሌባ»ን አስተውሎ የሚመለከት ሰው በአንዳንድ ትርኢቶች በተዋንያኑ ዙሪያ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ያያል። ጠጉር፣ ጢስና ስስ ጨርቅ በዚህ ዘዴ በደንብ ሊለዩ አልቻሉም። ይህን ጉድለት በአመርቂ ሁኔታ ያቃለለው ከእርሱ በኋላ የመጣው ፔትሮ ቭላሆስ ሲሆን፣ በ1959 ለወጣው «ቤን ሁር» ያዘጋጀው የቀለም ልዩነት ዘዴ ለዛሬው የኮምፒውተር አሠራር መሠረት ሆኗል። ይሁን እንጂ ቭላሆስ ሊያቃልለው የቻለው ጉድለት በግልጽ የታየው በትለር ዘዴውን በድፍረት በትልቅ ፊልም ላይ በማዋሉ ነው።

ፊልሙ በ1940 ወጥቶ በተከታዩ ዓመት ሦስት የኦስካር ሽልማቶችን ሲያገኝ አንደኛው ለልዩ ትርኢት የተሰጠ ነበር። በትለርም ለፎቶግራፉ ክፍል ተሸለመ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ቀርቶ በ1942 በወጣው «የዱር መጽሐፍ» ለሽልማት ታጨ፤ በዚያው ዓመት «ካሳብላንካ» በተባለው ዝነኛ ፊልም ልዩ ትርኢት ላይ ሠራ። በኋላም በኮሎምቢያ ድርጅት ለብዙ ዓመታት አገልግሎ፣ በ1969 በወጣው የጠፈር ተጓዦች ታሪክ፣ «ማሩንድ» በተባለው ፊልም ላይ ተሳትፏል። ዕድሜው እየገፋ ሲሄድም ከመሣሪያው አልተለየም። በፊልም ማጓጓዣና በኅትመት መሣሪያ ላይ ልዩ የኤሌክትሪክ ሞተሮችን የመጠቀምን ሐሳብ ከሮጀር ባንክስ ጋር በማፍለቁ ለ1975 የሥራ ዘመን የቴክኒክ ሽልማት ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርንያ ዐረፈ።

ዛሬ ሰማያዊው መጋረጃ በአብዛኛው በአረንጓዴ ተተክቷል። ምክንያቱም በተለመደው የዲጂታል ካሜራ ላይ ካሉት አራት የብርሃን ተቀባይ ነጥቦች ሁለቱ ለአረንጓዴ የተመደቡ በመሆናቸው፣ አረንጓዴው በአነስተኛ መብራት ጥርት ብሎ ይወጣል። ነገር ግን በትለርን የተፈታተነው ሕግ አልተለወጠም። በአቃቂ ቃሊቲ መጋዘን ሙሉ ቁመና የሚያነሣ ባለሙያ በመጀመሪያ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባውን የፀሐይ ጮራ መድፈን አለበት፤ ፀሐይ በተንቀሳቀሰች ቁጥር መጋረጃው ይዥጎረጎራልና። ግድግዳውና ወለሉ በሚገናኙበት ቦታ ጠርዝ እንዳይኖር ጎበጥ ተደርጎ በአንድ ዓይነት የማያብረቀርቅ ቀለም መቀባት ይኖርበታል። ግድግዳውን ያበራው መብራት ወለሉን በሌላ ማዕዘን ስለሚመታው፣ ለወለሉ ከላይ የሚወርድ ለስላሳ ብርሃን ለብቻው ይታሰባል። የመጋረጃው መብራትና የተዋናዩ መብራት የተለያዩ ሆነው፣ ተዋናዩ ከግድግዳው ቢያንስ ሁለትና ሦስት ሜትር ቢርቅ አረንጓዴው ነጸብራቅ ይቀንሳል።

የአገር ልብስ የለበሰ ተዋናይ ሲመጣ ፈተናው ይበረታል። ነጭ ነጠላ የወለሉን አረንጓዴ እንደ መስተዋት ይመልሳል፤ ስስ በመሆኑም መጋረጃውን አሳልፎ ያሳያል። ጥለቱ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ከመጋረጃው ጋር አብሮ ይጠፋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ በትለር ሰማያዊ መጋረጃ መመለስ ብልህነት ነው። በእግር ሥር የሚወድቀው ጥላም ሁሉ መጥፋት የለበትም፤ አዲሱ ጀርባ ፀሐይ ከግራ የምትመታው ከሆነ፣ ዋናው መብራት ከግራ ተተክሎ ጥላው በቀኝ ይቀራል። ተዋናዩን መሬት ላይ የሚያቆመው ይህ ጥላ ነው።

አቃቂ ለመብራት እንግዳ አይደለም። በዚያው ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል የውኃ ኀይል ማመንጫ ከአገሪቱ ቀደምት ማመንጫዎች አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1970 ሠርቶ ከቆመ በኋላ በ2016 ታድሶ ሥራ ጀምሯል። መብራቱ ካለ የሚቀረው የባለሙያው ትዕግሥት ነው። የላውረንስ በትለር ሕይወት የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ ተመልካቹ በጂኒው በረራ ሲደነቅ መብራቱን የተከለውን ሰው አያስታውስም። መብራቱ ባይስተካከል ኖሮ ግን ከጂኒው በፊት የሚያየው መጋረጃውን ነበር።